በግራ እጅ የተሰፋው ዝሆን

በሥራ ቦታቸው ሁሉም «እትዬ መቀስ» ይሏቸዋል። ስሙን ያወጣችላቸው ከጎናቸው የምትቀመጠው ሙጫ ቀቢ ናት፤ እሷም በበኩሏ አንዴ የያዘችውን ወሬ ስለማትለቅ «ማስቲሽ» ትባላለች። ሁለቱ ሴቶች ትከሻ ለትከሻ ገጥመው የሚውሉበት አዳራሽ ቀድሞ የመኪና ጎማ መጋዘን ነበር። ጎማው ከወጣ ዓመታት ቢያልፉም ሽታው ግድግዳው ውስጥ ሰርጎ ቀርቷል። ከሙጫው ትነት ጋር ሲደባለቅ ጉሮሮ የሚከረክር፣ ልብስ ላይ ተጣብቆ እቤት ድረስ የሚከተል ነገር ይሆናል። እትዬ መቀስ ማታ ሲገቡ ሹራባቸውን ከደጃፍ አውልቀው ደጋግመው ያራግፋሉ። አይወጣም።

ከዚህ አዳራሽ በየወሩ ደማቅ ቀለም የተቀቡ ሳጥኖች ይወጣሉ። በየሳጥኑ ውስጥ የተቆረጠ የሱፍ ጨርቅ፣ ክር፣ ዶቃ፣ ጥቂት ሙጫና አሠራሩን በሥዕል የሚያሳይ ወረቀት አለ። ደንበኞቹ ልጅ ያላቸውና ጊዜ ያጠራቸው ቤተሰቦች ናቸው፤ አንዴ ከተመዘገቡ ሳጥኑ ወር በወር በራቸውን እያንኳኳ ይመጣላቸዋል። በክዳኑ ላይ «ልጅዎ በእጁ ይፍጠር፤ እርስዎ ጊዜዎን ያትርፉ» የሚል ጽሑፍ ታትሟል። እትዬ መቀስ ይህን ባነበቡ ቁጥር ፊታቸው ይኮማተራል። ልጁ በእጁ ሲፈጥር አጠገቡ ያልተቀመጠ ወላጅ ያተረፈውን ጊዜ ምን እንደሚያደርግበት ሊገባቸው አልቻለም።

ሴትዮዋ ዕድሜ ልካቸውን ልብስ ሰፊ ነበሩ። ያደጉት የተጣመመ ስፌት ያለ ርኅራኄ ተተርትሮ እንደገና በሚሰፋበት ቤት ነው። ባላቸው ገና በጎልማሳነቱ ሲሞት አንዲት ሴት ልጃቸውን በመርፌ አሳድገው፣ አስተምረው፣ ለወግ ለማዕረግ አበቁ። እሳቸው የሰፉት ኮት ከትከሻ አይንሸራተትም፤ እሳቸው የገጠሙት እጅጌ መጋጠሚያው አይታይም እየተባለ በሠፈሩ ይወራ ነበር። ኋላ የተዘጋጀ ልብስ በየመንገዱ እንደ ጉድ ሲከመር ደንበኛው አንድ በአንድ ቀረ። ሱቃቸውን ዘጉና እዚህ ተቀጠሩ።

መጀመሪያ ሥራቸው መቁረጥ ብቻ ነበር። ከጊዜ በኋላ ግን ሥራ አስኪያጁ ወደ ገበታቸው መጣ። ገና ጢሙ በቅጡ ያልበቀለ፣ ሲናገር መዳፎቹን የሚያፋትግ ሰው ነው።

«እትዬ፣ ከዛሬ ጀምሮ ናሙና ይሠሩልኛል» አለ። «በየሳጥኑ ያለቀለት አንዳንድ ዕቃ እንከታለን። ግን የእርስዎ በጣም ያምራል፤ ችግሩ እሱ ነው። ልጅ የሠራው መምሰል አለበት። ልጁ ሲያየው ‹ይሄንንማ እኔም እችላለሁ› ይበል እንጂ ተስፋ አይቁረጥ።»

ምክንያቱ ሚዛን የሚደፋ መሰላቸውና ተቀበሉ። ይሁን እንጂ ቀኝ እጃቸው መጥፎ አድርጎ መስፋት እምቢ አላቸው፤ ሲያጣምሙት ሾልኮ ወደ ቀጥታው ይመለሳል። ስለዚህ መርፌውን ወደ ግራ አዛወሩት። በአዳራሹ ውስጥ «እጅ» የሚለካው በዕድሜ ነው። የአራት ዓመት እጅ ስፌቱ ይዘላል፣ ሙጫውም ከጨርቁ አልፎ ይፈሳል። የስድስት ዓመት እጅ መስመሩን ይይዝና ማዕዘኑ ላይ ሲደርስ ይስታል። ሙጫው ሳይደርቅ ደግሞ የሕፃን አውራ ጣት እንዲመስል እትዬ መቀስ የትንሽ ጣታቸውን ጫፍ ይጫኑበታል።

«እትዬ፣ ዛሬ ስንት ዓመትዎ ነው?» ትላለች ማስቲሽ ጠዋት ጠዋት።

«ስድስት።»

«ውይ፣ እንዴት አደጉ! ትናንት አራት አልነበሩ? ነገ ጥርስዎ መውለቅ ይጀምራል ማለት ነው።»

«ምላስሽ ቢወልቅ ይሻለኝ ነበር» ይሏታል፤ ከአንገት በላይ ግን ይስቃሉ። ከአንገት በታች ያለው ሌላ ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ ያቀኑትን እጅ እያጣመሙ መዋል እንደ መራራ መድኃኒት ይጎረብጣቸዋል። ለልጆች ድፍረት ነው እያሉ ይውጡታል።

አንድ እሁድ ልጃቸው ቤት ለምሳ ተጠሩ። ልጃቸው ባንክ ውስጥ የክፍል ኃላፊ ናት። በአንድ ጆሮዋ ስልክ፣ በሌላው ባሏን የምታዳምጥ፣ ቆማ የምትበላ ሴት ናት። እናቷ ካርቶን የሚታሸግበት ቦታ እንደሚሠሩ ታውቃለች፤ ካርቶኑ ውስጥ ምን እንዳለ ግን ጠይቃ አታውቅም። በዚያ ቀን ሁለት የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቿ ተጋብዘዋል። ከምሳ በኋላ እንግዶቹ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ በመስታወት ፍሬም የተሰቀሉ ነገሮችን ከበቡ፦ አንድ ጉጉት፣ አንድ ጀልባ፣ መሐል ላይ ደግሞ ትልቅ ግራጫ ዝሆን።

«ሁሉም የሷ የእጅ ሥራ ነው» አለች ልጃቸው፤ ስድስት ዓመት የሞላትን ሴት ልጇን በዓይኗ እየጠቆመች። «ማንም አልረዳትም።»

«በስመ አብ! ይቺ ትልቅ ሠዓሊ ነው የምትሆነው» አለ አንደኛው እንግዳ።

«የጣቷ አሻራ ሳይቀር ታትሟል፤ እዩልኝማ፣ ሲያሳሳ!» አለች ሌላዋ።

እትዬ መቀስ መነጽራቸውን አድርገው ቀረቡ። የዝሆኑ ጆሮ ማዕዘኑ ላይ ስቷል፤ የስድስት ዓመት እጅ ነው። ነገር ግን የክሩ ጫፍ የለም። ሁለት ጊዜ ወደ ኋላ ተሰፍቶ በሁለቱ ጨርቆች መሐል ተሸሽጓል። የክር ጫፍ የሚሸሽግ ሕፃን በዓለም የለም፤ እንዲህ የሚያደርግ ዘመኑን ሲሰፋ የኖረ ልብስ ሰፊ ብቻ ነው። ከጥርሱ ሥር ሙጫው ላይ የታተመውም የራሳቸው ትንሽ ጣት ነበር። ዘወር ብለው የልጅ ልጃቸውን ፈለጓት። ሚጢጢ፣ እሳቸው እንዲያ ነው የሚጠሯት፣ መጋረጃው ሥር ቆማ ጥፍሯን ትበላለች። እንግዶቹ ሲያጨበጭቡላት እግሯን ታያለች።

እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ልጃቸው እቃ ቤት ይዛቸው ገባች።

«እማዬ፣ አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ሚጢጢ የሠራቻቸውን ትምህርት ቤት ልኬ ነበር። ቲቸሯ በጣም ወዳቸው፣ ዓርብ የወላጆች ቀን ላይ አዳራሽ ተቀምጣ ዝሆኑን በሰው ፊት ትሥራ ብላለች። ይኸው ከነገርኳት ጀምሮ ሌሊት ትባንናለች፣ ጠዋት ሆዴን ትላለች። እስከ ዓርብ ድረስ ከትምህርት ቤት አንቺ ጋ ትምጣና አስተምሪልኝ።»

«የሠራችውን ሰው ምን ብዬ ነው የማስተምረው?»

ልጃቸው ስልኳን አገላበጠች። «እሺ… ሳጥኑ ነው የሚመጣው። ያለቀለት የሚባል አለ፤ የልጁን ስምና ዕድሜ ትነግሪያቸዋለሽ፣ እነሱ ሠርተው ይልኩታል። ሁሉም ሰው እንደዚያ ነው የሚያዘው እኮ! ማን ቁጭ ብሎ ክር ከሕፃን ጋር ይጎትታል? ጊዜው ከየት ይመጣል?»

«ዝሆኑን የሰፋሁት እኔ ነኝ» አሉ እናትዮዋ።

«ምን?»

«በግራ እጄ። ናሙና ነው ብለውኝ።»

እትዬ መቀስ አሁን ታፍራለች፣ አሁን ፊቷን ትሸፍናለች ብለው ጠበቁ። እሷ ግን ትከሻዋ ወረደ፤ ሸክም የተቀበሏት ያህል ፊቷ ፈካ።

«እንዲያማ ከሆነ ተገላገልን!» አለች። «ካንቺ የተሻለ ማን ሊያስተምራት ነው? ልክ እንዳደረግሽው አድርገሽ ታሳያታለሽ።»

በዓለም ላይ ከዚህ የበለጠ የሚቀፍ ነገር ሰምተው እንደሆነ እትዬ መቀስ አላስታወሱም። ኮታቸውን አንሥተው ሊወጡ ሲሉ ኮሪደሩ ላይ ሆና ሁሉንም ስትሰማ የቆየችው ሚጢጢ ቀሚሳቸውን ያዘች።

«አያቴ፣ የኔ እጅ እንደሱ አይችልም» አለች በሹክሹክታ። «ሞክሬዋለሁ፤ የኔ እጅ መጥፎ ነው።»

ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የዝሆኑ ነገር ወደ ጎን ሆነ። አንዲት ስድስት ዓመት ያልዘለለች ልጅ እጇን ጠልታለች፤ ዓርብ ዕለት ያንን እጅ ይዛ አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት ትቀመጣለች።

ሰኞ ጠዋት እትዬ መቀስ ሹራባቸውን ሳያወልቁ ሥራ አስኪያጁ ክፍል ገቡ።

«ናሙና ነው ብለኸኝ አልነበረም?»

«ናሙናም ነው እትዬ» አለ፣ መዳፎቹን እያፋተገ። «ናሙና ለፈለገ ናሙና፣ ያለቀለት ላዘዘ ያለቀለት። ምን ለውጥ አለው? ወላጅ ጊዜ የለውም። እኛ የምንሸጠው ትዝታ ነው።»

«የማን ትዝታ?»

«የቤተሰቡ ነዋ! ግድግዳው ላይ ይሰቅሉታል፣ ልጁ ሲያድግ ያዩታል። እንደውም እንኳን መጡ፤ አዲስ ሐሳብ አለኝ። በየወሩ የልጁ እጅ ትንሽ ትንሽ እየተሻሻለ እንዲሄድ እንፈልጋለን። ወላጅ ‹ልጄ እያደገ ነው› ብሎ ይደሰት። የደንበኛ ልጆች ሰባት ዓመት እየሆናቸው ስለሆነ የሰባት ዓመት እጅ ይጀምሩልኝ።»

እትዬ መቀስ ሰውየውን ከእግር እስከ ራሱ አዩት። የቆሸሸ ጨርቅ በእጃቸው ሲገባ እንደሚያደርጉት ጣቶቻቸውን ቀሚሳቸው ላይ ጠረጉ። ወደ ገበታቸው ተመልሰው መቀሳቸውን ከሌላው ዕቃ ለይተው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ።

«እትዬ፣ ወዴት ነው?» አለች ማስቲሽ።

«ወደ ዕድሜዬ።»

«ስለ ያለቀለቱ ነው? እኔኮ አውቀው ዝም ያሉ መስሎኝ ነበር» አለች ማስቲሽ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ስቲከሩን የምለጥፈው እኔ አይደለሁ? ‹ከልጅዎ እጅ› ይላል። ሁላችንም እናውቃለን እኮ።»

ይህ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ አንገሸገሻቸው። ያን ሁሉ ጊዜ ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠው ሲስቁ፣ ቀልዱ የገባቸው ሌሎች ብቻ ነበሩ።

ከሰዓት በኋላ ሚጢጢ ቦርሳዋን እየጎተተች መጣች። እናቷ ዝሆኑን ከፍሬሙ አውጥታ ልካለች። እትዬ መቀስ ለጊዜው እንደተባሉት ለማድረግ ሞከሩ፤ ጨርቅ ቆርጠው፣ መርፌው ላይ ክር አስገብተው ሰጧት። ልጅቱ ዝሆኑን ፊቷ አስቀምጣ ስትሰፋ ጣቶቿ እንደ እንጨት ደረቁ። ትሰፋለች፣ ታያለች፣ ትፈታለች። በመጨረሻ ቀና አለች።

«አያቴ፣ እዚህ ጋ እንዴት አድርጌ ነው የማጣምመው?»

«ምን አልሽ?»

«ያንቺ እዚህ ጋ ይጣመማል። የኔ ሌላ ቦታ ነው የሚጣመመው። አልመሰለም።»

እንባዋ ግጥም ብሏል። እትዬ መቀስ ልጅቱን አይተው ዝሆኑን አዩ፤ ዓይናቸው እያየ ሕፃን ልጅ የሕፃን ሥራ እንዴት እንደሚበላሽ ከእሳቸው ልትማር ቁጭ ብላለች። ተነሥተው መስኮቱን ከፈቱና አየር ሳቡ። ሲመለሱ ዝሆኑን አንሥተው መሳቢያ ውስጥ ወረወሩት።

«ይኼን ተይው። አንቺ ምን መሥራት ትፈልጊያለሽ?»

ሚጢጢ ይህን የጠየቃት ሰው ስለሌለ መልሱ ጊዜ ወሰደባት። «የቆሻሻ መኪና» አለች በመጨረሻ።

«የምን?»

«ጠዋት በኛ ሠፈር የሚያልፈው። ከኋላው ሰውዬ ተንጠልጥሎበት፤ እጁን ሲያውለበልብልኝ።» ዓይኗ በርቷል። «ይሸታል እኮ አያቴ፣ በጣም! እማዬ መስኮት ዝጊ ትላለች። እኔ ግን አልዘጋም።»

አያትዮዋ ከሳጥን ሙሉ ቁርጥራጭ መሐል አረንጓዴ ጨርቅ አወጡላት። ልጅቱ ቆረጠች። የተቆረጠው ነገር መኪናም ድንችም ይመስላል። ክሩ ተወሳሰበ፣ መርፌው ጣቷን ወጋት፣ ጮኸች፣ ላሰችው፣ ቀጠለች። እትዬ መቀስ እጃቸው እየበላቸው ሁለቱንም መዳፎች ቂጣቸው ሥር አድርገው ተቀመጡባቸው። ዕድሜ ልካቸውን ስፌት ያቀኑ ሰው ለመርዳት አለመንቀሳቀስ የጥርስ ሕመም ያህል ነው። ልጅቱ በየቀኑ ጥቂት ሰፋች፤ ጥቂትም ፈታች። ሌሊት መባነኗን ማቆሟን እናቷ በስልክ ስትናገር፣ ምክንያቱን «ዝሆኑን ስለለመደችው ነው» አለች።

ሐሙስ ምሽት ልጃቸው ልጅቱን ልትወስድ መጣች። ጠረጴዛው ላይ ያለውን አረንጓዴ ነገር በሁለት ጣቷ አነሣች።

«ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?»

«የቆሻሻ መኪና» አለች ሚጢጢ። «ሰውየው ይቀረዋል።»

«የቆሻሻ መኪና? በወላጆች ፊት?» ወደ እናቷ ዞረች። «እማዬ፣ ቀልድሽን ነው? ይኼኮ የሷ አይመስልም!»

«የሷ አይመስልም?»

«ግድግዳ ላይ ያሉትን አይተሻል። ቲቸሯ እነሱን ነው የምታውቀው። ይኼን ስታይ ምን ትላለች? ልጅቷ ወደ ኋላ ሄደች ነው የምትለው!»

«አንቺ ልጅ፣ የምትናገሪውን ጆሮሽ ይሰማዋል? የሠራችው አይመስልም፤ ያልሠራችው ነው የሚመስለው እያልሽኝ እኮ ነው።»

«እኔ አሁን ለጭቅጭቅ ጊዜ የለኝም። ቢያንስ ዝሆኑን ጀምረሽ ስጫት፤ ነገ ጆሮውን ብቻ ትስፋ።»

«አላደርገውም።»

«በዚህ ዕድሜሽ እልህ!»

«በዚህ ዕድሜዬ ስድስት ዓመት መሆን ሰለቸኝ» አሉ እትዬ መቀስ። ልጃቸው መሳቢያውን ከፍታ ዝሆኑን ወሰደች፤ በሩም ከኋላዋ ጓ ብሎ ተዘጋ።

በማግስቱ እትዬ መቀስ ትምህርት ቤቱ አዳራሽ የደረሱት አርፍደው ነው። ወንበሩ ሁሉ ተይዞ ነበርና ከኋላ በሩ አጠገብ ቆሙ። ከመድረኩ ሥር ሚጢጢ በትንሽ ጠረጴዛ ተቀምጣለች። ፊቷ ያለውን ባዩ ጊዜ እትዬ መቀስ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ዝሆኑ ነበር፤ አንድ ጆሮ የለውም። ልጃቸው ጆሮውን ልትተረትር ሞክራ፣ የተሸሸገው ቋጠሮ እምቢ ሲላት በምላጭ ቆርጣዋለች። ግራጫው ጨርቅ ጎኑ ላይ ተቀዷል፤ ጆሮው ደግሞ አጠገቡ ለብቻው ተጋድሟል። ልጅቱ በሰው ፊት ያንን ጆሮ መልሳ እንድትሰፋ፣ ሰውም ዝሆኑን እሷ እንደጨረሰችው እንዲያምን ነው የታሰበው። ነገሩ ሥጋ ቤት ውስጥ የቆሙ ያህል ዘገነናቸው።

«ይህች ተማሪያችን በእጆቿ ተአምር ትሠራለች» አለች መምህርቷ። ስልኮች ወደ ላይ ተነሡ። እናቲቱ ከፊት ረድፍ ሆና ጥርሷን እያሳየች በእጇ «ስፊ፣ ስፊ» ትላለች።

ሚጢጢ መርፌውን ይዛ አልተንቀሳቀሰችም። አዳራሹ ፈገግ እንዳለ ጠበቀ፤ ከዚያ ማጉረምረም ጀመረ። እትዬ መቀስ የልጅቱ ትከሻ ወደ ጆሮዋ ሲወጣ አዩ። ሮጠው ሊያነሷት አንድ እርምጃ ተራመዱ፤ ነገር ግን ልጅቱ ጎንበስ ብላ የትምህርት ቤት ቦርሳዋን ከፈተች። አረንጓዴውን ጨርቅ አወጣችና ዝሆኑን ወደ ጠረጴዛው ጠርዝ ገፋችው።

«ይኼ የኔ አይደለም» አለች፣ ከተጠበቀው በላይ ጮኽ ብላ፣ በጣቷ ወደ በሩ እየጠቆመች። «አያቴ ናት የሠራችው። ሁሉንም አያቴ ናት። የኔ ይኼ ነው።»

እትዬ መቀስ አሁን መሬት ትከፈታለች ብለው ዓይናቸውን ጨፈኑ። የሰሙት ግን ሳቅ ነው፤ የደስታ ሳቅ። መምህርቷ ፈጥና እጆቿን አነሣች።

«ይኼ የቤተሰብ ትብብር ይባላል! እናጨብጭብላቸው!»

ተጨበጨበ። ሰው ሁሉ ተነሥቶ ወደ ሻይና ብስኩቱ ሲሄድ፣ ጥቂት ወላጆች ግን ወደ በሩ መጡ። እትዬ መቀስ ሊወቅሷቸው የመጡ መሰላቸው፤ ለወቀሳውም ተዘጋጅተው ቀጥ ብለው ቆሙ።

«ያለቀለቱን የሚሠሩት እርስዎ ነዎት እንዴ!» አለች አንዲት ሽቶዋ ከሩቅ የሚጣራ እናት። «የኛ ቤት ጉጉት የእርስዎ ነው ማለት ነው? እባክዎ፣ ቲቸሩ ትንሽ የጠረጠረ ይመስለኛል። የሚቀጥለውን በደንብ ቢያበላሹልኝ?»

«የኛዎቹ መንታ ናቸው» አለ ሌላው፣ ጎንበስ ብሎ በምሥጢር። «የሁለቱም አንድ ዓይነት ሆኖ እየመጣ ተቸግረናል። አንዱን ረጋ ያለ፣ አንዱን ቀበጥ ያለ እጅ ማድረግ ይቻላል?»

«ለኔ ልጅ ደግሞ ሮዝ አይሁን። ሮዝ አትወድም… ትወዳለች እንዴ?» አለች ሦስተኛዋ፤ ወደ ባሏ ዞራ። ባሏም አላወቀም።

«ልጆቻችሁ የት አሉ?» አሉ እትዬ መቀስ።

«እዚያ፣ ስልክ እያዩ» አለ የመንታዎቹ አባት ወደ ኋላ እየጠቆመ፤ ጥያቄው ለምን እንደተጠየቀ ሳይገባው።

«ሂዱና ጠይቋቸው» አሉ። «ሮዝ ይወዱ እንደሆነ እነሱን ጠይቁ። እኔ ዘንድ የሚበላሽ እጅ አልቋል።» ይህን ያሉት ሳይጮኹ ነው። ሰዎቹ ግን በቀልድ ወስደውት ሳቁ፤ አንዷ እንዲያውም ስልክ ቁጥራቸውን ለመጻፍ ተሰናዳች። እትዬ መቀስ ከእነዚህ ሰዎች ጋር አንድ አየር ላለመተንፈስ ያህል ትንፋሻቸውን ይዘው በመሐላቸው አለፉ።

አዳራሹ ባዶ ሲሆን ሚጢጢ ገና እየሰፋች ነበር። ጥበቃው ወንበር ይደራርባል። እናቷ የመኪና ቁልፍ በእጇ ይዛ ከፊቷ ቆማለች፤ ፊቷ ቀልቷል።

«አዋረድሽኝ» አለች እትዬ መቀስን አይታ።

«ማን? እኔ ነኝ ወይስ ያ ጆሮው የተቆረጠ?»

ልጃቸው የመኪናውን ቁልፍ አቅጨለጨለች። ወደ ሕፃኗ ዞረች። «በቃ፣ ተነሺ። ስብሰባ አለብኝ፣ እንሂድ።»

«አልጨረስኩም።»

«እቤት ትጨርሻለሽ።»

«እቤት አንቺ ትጥይዋለሽ» አለች ሚጢጢ፣ ዓይኗን ከጨርቁ ሳታነሣ። ክስ አልነበረም፤ ያየችውን ነው የተናገረችው።

እናቲቱ ሰዓቷን አየች። ከዚያ ሌላ መፍትሔ ስላልታያት ይመስላል፣ ለስድስት ዓመት ልጅ የተሠራች አጭር ወንበር ስባ ተቀመጠች። ጉልበቷ ደረቷ ጋ ደረሰ። «አምጪ በይ፣ እኔ ላፍጥንልሽ» ብላ እጇን ዘረጋች።

ልጅቱ ጨርቁን ወደ ራሷ ሳበች። የእናቷ እጅ አየር ላይ ለትንሽ ጊዜ ቆየና ወደ ጭኗ ተመለሰ። ስልኳ ጠራ። አየችው፤ ጮኾ ጮኾ ዝም አለ። እትዬ መቀስ ጥግ ላይ ቆመው ሁለቱን ያያሉ። የወላጆቹ ሳቅ ገና ጆሯቸው ውስጥ ነበር። አንዲት ቃል ሊጨምሩ ግን አልፈለጉም።

«ሰውየው የቱ ነው?» አለች እናቲቱ ወደ ጨርቁ ጎንበስ ብላ።

«ገና ነው። ክር አለቀብኝ» አለች ሚጢጢ።

እናቷ ከአጭሯ ወንበር እየተንገዳገደች ተነሣችና፣ ጥበቃውን ክር ልትጠይቅ በተደራረቡት ወንበሮች መሐል ሄደች።